ስዕል የማትችል መምህርት ስዕል ታስተምራለች ወይ? ለኩታበሯ የ2ኛ ክፍል መምህርት

እህቴ አብሽሪ። ጥያቄሽን ላላዩት መጀመሪያ ባጭሩ ልድገመው። ኩታበር አካባቢ ገጠር ትምህርት ቤት 2ኛ ክፍል ነው የምታስተምሪው፣ 70 ገደማ ልጅ አለሽ፣ ዘንድሮ ክወናና እይታ ጥበባትም (ስዕልና ሙዚቃ ያለበት ትምህርት) አንቺ ላይ ተደረበ፣ ቀለም የለም ወረቀት የለም፣ ራስሽም "ከተማሪነቴ ጀምሮ ስዕል አይሆንልኝም" ትያለሽ። ሰሌዳ ላይ ጎጆ ቤት፣ ባንዲራ፣ ሲኒ እየሳልሽ ስታስገለብጪ ግማሹ ያንኑ ያንቺን ጎጆ መልሶ ያመጣልሻል፣ ግማሹ "ቲቸር አልችልም" ብሎ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ሁለት ወላጆች መጥተው ልጃችን ሰውና እንስሳ እንዳይስል ብለውሻል፣ አንድ ልጅ ደግሞ የፈለገ ነገር ቢታዘዝ ጠመንጃ ብቻ ነው የሚስለው፣ በዚህ ሁሉ ላይ ማርክ አምጪ እየተባልሽ ነው።

እኔ ለእጩ መምህራን የስዕል ማስተማር ዘዴ ሳስተምር ነው የኖርኩት፣ ስለዚህ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ፣ ቡና አፍልተሽ አንብቢው።

በመጀመሪያ ስዕል አለመቻልሽን እርሺው። እንደውም ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ላለ ልጅ ሰሌዳ ላይ አሳምሮ የሚስል መምህር ብዙ ጊዜ ጉዳት አለው ባይ ነኝ፣ ልጁ ያንን አይቶ ገና እርሳስ ሳያነሳ ተሸንፎ ነው የሚጀምረው። ያንቺ ክፍል ውስጥ ችግር የሆነው አንቺ አለመቻልሽ ሳይሆን ሰሌዳው ላይ ያለው ጎጆ ነው። "አልችልም" የሚለውን ልጅ ምን ማለቱ ነው ብለሽ ብትጠይቂው "እንዳንቺ አድርጌ አልችልም" ነው የሚልሽ እንጂ ጭራሽ መሳል አልችልም ማለቱ አይደለም። ያው ልጅ እረፍት ሲወጣ መሬት ላይ በእንጨት ሲጭር ታገኚዋለሽ እኮ፣ ክረምት ላይ ከብት ሲጠብቅ በጭቃ በሬና ላም ሰርቶ ቀንዱን ሳይቀር አውጥቶ ሲያጫውት የሚውል ልጅ ነው። እንቁጣጣሽ ላይ አበባና ፀሐይ ስሎ ሰፈሩን ዞሮ ሳንቲም የሚሰበስብ ልጅ ነው። ያኔ ማንም ሰሌዳ ላይ ስሎ አላሳየውም።

ምን ማሳየት ነው ያለብሽ ካልሽኝ እቃውን ነው። ብሩሽ እንዴት እንደሚያዝ፣ ቀለም እንዴት እንደሚጨለፍ፣ የጭቃው እግር ከሆዱ ጋር እንዴት እንደሚጣበቅ፣ ይሄን አሳዪ፣ ደጋግመሽ አሳዪ። ስዕሉን ግን አትሳይላቸው። በቃ ከዚህ ሁሉ ጽሁፍ አንድ ነገር ብቻ ብትወስጂ እሱን ውሰጂ።

አሁን የልጆቹን ስዕል እንዴት እንደምታዪው። ቪክቶር ሎወንፌልድ የሚባል ኦስትሪያዊ ነበር፣ ቪየና ውስጥ ዓይነ ስውር ልጆችን በሸክላ ጭቃ ቅርጽ ያሰራ የነበረ ኋላም አሜሪካ ሄዶ የስዕል ትምህርት ያስተማረ ሰው ነው፣ በ1940ዎቹ (በፈረንጅ) የልጆችን ስዕል በእድሜ ደረጃ ከፋፍሎ አስቀምጦታል፣ ዛሬም ብዙ ቦታ የሚሰራበት ነው። ከ2 እስከ 4 ዓመት ጭረት ነው፣ ከ4 እስከ 7 ክብ ጭንቅላት ሆኖ እግር ከአገጩ የሚወጣለት ሰው አለ አይደል እሱ ነው፣ ከ7 እስከ 9 ልጁ የራሱን ምልክት ያገኛል፣ ማለትም ዛፍ ሲባል ሁሌም አንድ አይነት ዛፍ፣ ሰው ሲባል አንድ አይነት ሰው። ከ9 በኋላ ደግሞ "አይመስልም" እያለ የሚጨነቅበት ጊዜ ይመጣል፣ ብዙ ልጅ ስዕል የሚተወውም እዛ ላይ ነው። የእድሜው ቁጥር ግምት ነው፣ ገጠር ላይ ደግሞ ቆይቶ የገባ ልጅም ክፍልሽ ውስጥ ይኖራል፣ እርሳስ መጀመሪያ ትምህርት ቤት የያዘ ልጅ 8 ዓመቱም ሆኖ ጭረት ላይ ቢሆን አይግረምሽ፣ እየተለማመደ ሲሄድ ይደርሳል።

ያንቺዎቹ እንግዲህ የምልክቱ እድሜ ላይ ናቸው። ስለዚህ እነዚህን ነገሮች ስታዪ ስህተት ነው ብለሽ እንዳታርሚ፦ ከወረቀቱ ስር አንድ መስመር ያሰምርና መሬት ነው ይልሻል፣ ሁሉም ነገር እዛ ላይ ይቆማል፣ ሰማዩ ደግሞ ከላይ በኩል አንድ ቀጭን መስመር ነው፣ መሀሉ ባዶ። ቤቱን ከውጭ ስሎት ግን ውስጥ እናቱ ምጣድ ላይ እንጀራ ስትጋግር ትታያለች፣ ግድግዳው የለም እንዳትይው፣ አለ፣ እሱ ግን ውስጥ ያለውንም ያውቃላ። እናቱ ከቤቱ ትበልጣለች፣ የሚፈራው ውሻ ከበሬው ይበልጣል። ይሄ ስንት ዘመን የኖረ አሳሳል መሆኑን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግሽም፣ የድሮ ቤተክርስቲያን ግድግዳ ላይ ቅዱሱ ከፈረሱም ከተራራውም ጎልቶ፣ ክፉው ሰው ደግሞ ባንድ ዓይኑ በጎን ተስሎ ታዪዋለሽ፣ ሰዓሊው ማን ትልቅ እንደሆነ ነው የሚነግርሽ። 8 ዓመት ልጅም ያንን ነው የሚያደርገው።

እሺ ሰሌዳው ላይ ካልሳልኩ ምን ልስራ ትይኛለሽ። ወሬ። ስዕል ከመጀመሩ በፊት ያለው ወሬ ነው ክፍለ ጊዜውን የሚይዘው። "ዛሬ ቤት ሳሉ" ካልሽ ጎጆ ታገኛለሽ እንጂ ሌላ አይደለም፣ ያውም ካንቺ የተቀዳውን። ርዕስሽ ውስጥ "እኔ" ይኑርበት፣ የሚደረግ ነገር ይኑርበት፣ ቦታ ይኑርበት። "ከእማዬ ጋር ገበያ ስሄድ"፣ "ውሃ ስቀዳ ጀሪካኑ ከበደኝ"፣ "በረዶ ሲመታን የተደበቅንበት"። "በጭጋግ ስመጣ" ካልሽ ደግሞ እንዲህ ብለሽ ጠይቂያቸው፣ ጠዋት ስትመጡ ጭጋግ ነበር ወይ? ከፊትህ የሚሄደው ይታይህ ነበር? እጅህን የት ነበር የከተትከው? ጋቢ የለበሰ ማን ነበር፣ ጋቢውን እንዴት ነበር ያጣፋው? እስኪ ተነስና አሳየን። አንዱ ጋቢውን አከናንቦ በብርድ ሲንቀጠቀጥ ሲያሳይ ክፍሉ ይስቃል፣ ያኔ ሁሉም ጭንቅላቱ ውስጥ የራሱ ጠዋት አለው፣ ያኔ "በሉ ሳሉት" በይ። አምስት ስድስት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ልዩነቱን በራስሽ ዓይን ታዪዋለሽ። ርዕሱ ደግሞ ካካባቢሽ ይሁን፣ የባቲ መምህር የሰኞ ገበያና ግመል አለው፣ ሐይቅ ከተማ ያለው መምህር ዓሣ አጥማጅ አለው፣ አንቺ ጋ ደጋው አለ፣ ገብሱ፣ በጉ፣ ጭጋጉ። መጽሐፉ ላይ ያለው መርከብ ነው ብለሽ መርከብ አታስልያቸው፣ ያላዩትን ምን ያድርጉት።

ያኔም "አልችልም" ብሎ የሚቀመጥ አይጠፋም። እርሳሱን ተቀብለሽ አትሳይለት፣ አንዴ ከሳልሽለት ዓመቱን ሙሉ አንቺ ነሽ የምትስይው። ጥያቄ ጠይቂው፣ በሬው ሲሄድ ጭንቅላቱ ወደ የት ነው? ቀንዱ ወደ ውጭ ነው ወደ ውስጥ? እግሩ ስንት ነው? እስኪ መጀመሪያ የምታስታውሰውን ብቻ አስቀምጥ። ወይ ደግሞ አውጪውና በእንጨት መሬት ላይ ይሳል፣ መሬት ላይ የተሳለው ይጠፋል ስለዚህ አያስፈራም።

ስለ እቃ ደግሞ እዚህ ጋር ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ሁሉም መምህር የሚያማርረው እዚህ ነው፣ እውነትም የለም፣ ግን ሰው እንደሚያስበው ያህል የለም ማለት አይደለም።

ወረቀት፦ ያለፈ ዓመት የፈተና ወረቀት ጀርባው ነጭ ነው፣ ቢሮ ውስጥ ተከምሮ ይኖራል ጠይቂ። ካርቶን ከሱቅ። የወረቀት የሆነው የሲሚንቶ ከረጢት ከተገኘ የመሀለኛውን ንብርብር ተጠቀሚ፣ አቧራውን ግን ልጆቹ በሌሉበት አንቺው አራግፊው፣ ዓይንና ቆዳ ያቃጥላል። ቡናማ መሆኑ ደግሞ ጥቅም ነው፣ ነጭ ጠመኔም ጥቁር ከሰልም እኩል ይታይበታል። የደብተር ወረቀት ላይ ብቻ የምታስስይ ከሆነ ግን ልጁ ጣቱን እንጂ ክንዱን አያንቀሳቅስም፣ ትልቅ ነገር ላይ ማሳል ለእጅ ጽሁፉም ይጠቅማል። ወላጅ "ደብተር ትጨርሳለች" ብሎ ከሚያኮርፍሽም ትድኛለሽ።

ጥቁር ቀለም እንኳን ወሎ ውስጥ ሊቸግር አይገባም። የቆሎ ተማሪውም፣ ለውህ (የእንጨት ሰሌዳ) ላይ የሚጽፈው የቁርዓን ተማሪም ስንት ዘመን ቀለሙን ከጥላሸት ሲሰራ ኖሯል። ከድስትና ከምጣድ ስር ጥላሸት ፍቀሽ፣ የግራር ሙጫ ሌሊቱን ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈሽ ሲሟሟ ታዋህጂዋለሽ፣ አለቀ። ሙጫው ነው ቀለሙን ወረቀቱ ላይ የሚይዘው፣ ያለሱ ሲደርቅ በእጅ ይለቃል። ቀይና ቡናማ ከአፈር፦ ቀዩን አፈር፣ ቢጫ የሚመስለውን አፈር ለየብቻ አድርቀሽ ወቅጠሽ በቀጭን ጨርቅ ንፊው፣ ዱቄት ሲሆን በዛው በሙጫው ውሃ ለውሺው። እርድ ደማቅ ቢጫ ይሰጥሻል፣ የቡና አተላ ቡናማ፣ ቀይ ስር ሀምራዊ (እሱ ግን ቆይቶ ይደበዝዛል)፣ ለአረንጓዴ ቅጠሉን ራሱን ወረቀቱ ላይ ማሸት ነው። ሰማያዊ አስቸጋሪ ነው፣ ባለ ቀለም ጠመኔ ካለሽ ውሃ ነክረሽ ተጠቀሚበት፣ እርጥብ ጠመኔ ቀለሙ ይደምቃል አቧራም የለውም። በርበሬ ቀለሙ ያምራል ብላ የሞከረች መምህርት አውቃለሁ፣ 8 ዓመት ልጅ ዓይኑን እንደሚያሽ ረስታ ነው፣ አደራ። ቅጠልም ስታስለቅሚ ቅንጭብና ቁልቋል እንዳይነኩ አስቀድመሽ ተናገሪ፣ ወተቱ ለዓይን አደገኛ ነው።

ብሩሽ? መፋቂያ። ጫፉን አላምጠሽ ስታፍታቺው ብሩሽ ነው፣ ለያንዳንዱ ልጅ አንድ፣ ራሱ ይዞ ይመጣል። የዶሮ ላባም ለቀጭን መስመር ጥሩ ነው። ክሬየን ካገኘሽ ደግሞ እንዳይሰበር አትጨነቂ፣ እንደውም ሰባብሪው፣ አጭር ስባሪ ሲሆን ልጁ በሶስት ጣቱ ለመያዝ ይገደዳል፣ ለ70 ልጅም ይዳረሳል።

ከሁሉም ከሁሉም ግን ጭቃ። በዚህ እድሜ ጭቃ ከወረቀት ይበልጣል እላለሁ፣ ስዕል አልችልም ያለው ልጅ ጭቃ ላይ ሲመጣ ሌላ ሰው ነው። ኢንተርኔት ላይ ዱቄትና ጨው አቡክታችሁ አሰሩ የሚል ታያለሽ፣ እኛ አገር ዱቄት መጫወቻ ማድረግ ለቤተሰብም ለልጅም ደስ አይልም፣ ተዪው፣ የምን ዱቄት ነው አፈር ሞልቶ። አፈሩን ጠጠሩን ለቅመሽ አንድ ሌሊት ዘፍዝፊው፣ ውሃውን አጥልይና እጅ ላይ መጣበቅ እስኪተው አሽው። መፈተኛው እንዲህ ነው፦ ጣት የሚያክል ድብልብል አድርገሽ ጣትሽ ላይ ጠምጥሚው፣ ከተሰነጣጠቀ ወይ ውሃ ይፈልጋል ወይ አፈሩ አሸዋማ ነው ሌላ ቦታ ፈልጊ፣ ሳይሰነጠቅ ከዞረ ጥሩ ነው። ሲደርቅ እንዳይሰነጥቅ ለግድግዳ ምርጊት እንደሚደረገው የደቀቀ ጭድ ትንሽ ጨምሪበት። እግር፣ ቀንድ፣ ጆሮ ሲቀጠል ሁለቱንም ፊት በእሾህ ነገር ጫር ጫር አድርጎ በቀጭን ጭቃ አርሶ ነው መጫን፣ እንዲሁ ከተለጠፈ ሲደርቅ ይረግፋል፣ ልጁ ደግሞ ያለቅሳል። ፀሐይ ላይ አታስጪው፣ ጥላ ስር ቀስ ብሎ ይድረቅ። የሰፈሩን ሸክላ ሰሪ ሴትዮ ጋብዢያት አንድ ቀን መጥታ ታሳያቸው፣ ከኔም ከመመሪያውም የበለጠ ታውቃለች፣ እንደው ሸክላ ሰሪ በሚናቅበት አገር ልጆች ፊት ቆማ "መምህርት" ስትባል ማየቱ ብቻውን ይበቃል።

70 ልጅ እንዴት ይያዛል ላልሽው፣ 70ውን እኩል ቀለም ማስያዝ አይታሰብም። ግማሹ ከሰልና ወረቀት፣ ግማሹ ውጭ ጥላ ስር ጭቃ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ይቀያየሩ። ስድስት ስድስት አድርገሽ ለየቡድኑ አንድ እቃ አዳይ መድቢ፣ በየሳምንቱ የሚቀያየር፣ ተንኮለኛውን ልጅ መጀመሪያ መድቢው። የመጨረሻውን ሰባት ስምንት ደቂቃ ለመታጠብና ለመሰብሰብ ካልተውሽ ቀጣዩ ክፍለ ጊዜ ይበላሻል። ጫጫታ ይኖራል፣ ጎረቤት ክፍል ያለውን መምህር ቀድመሽ ይቅርታ ጠይቂ።

የወላጆቹ ጉዳይ። አትከራከሪያቸው፣ ዓሊሞቹ (የእስልምና ሊቃውንቱ) ራሳቸው ህይወት ያለውን ነገር በመሳል ላይ እንደየመዝሀቡ (እንደሚከተሉት የሕግ ትምህርት) የተለያየ አቋም አላቸው፣ የልጅ መጫወቻን ለይተው የሚያዩም ብዙ ናቸው፣ ግን ያ ያንቺም የኔም ስራ አይደለም፣ የወላጁ ነው። አንቺ ማድረግ ያለብሽ ልጁ ከክፍሉ ተለይቶ ቅር እንዳይለው ርዕሱን ማስፋት ነው። "ገበያ" ስትይ አንዱ ሰው ይስላል፣ ሌላው ጀበናውን፣ ጨርቁን፣ የተደረደረውን ሽንኩርት ይስላል፣ ሁለቱም ገበያ ነው። ከዛ በላይ ደግሞ ጌጥ ላይ አተኩሪ፣ ከዚህ የሚበልጥ ሀብት የለሽም። የሰፌድና የመሶብ ስፌት ከመሀል ተነስቶ እየዞረ እንዴት እንደሚሰፋ፣ በስንት እርምጃ ቀለሙ እንደሚቀየር፣ ልጅቷ እጅ ላይ ያለው እንሶስላ፣ የብራና መጽሐፍ አናት ላይ ያለው ሐረግ፣ የቁርዓን ገጽ ዳር ያለው ጌጥ፣ መስጊዱ በር ላይ ያለው። ካርቶን በክብ ቆርጠሽ ስጫቸውና ከመሀል ጀምሮ የራሳቸውን ሰፌድ ይሙሉ። ሁለት ቀለም ብቻ፣ እንዲደጋገም። ሒሳብም ገባ ማለት ነው፣ አንድ ባለ ስድስት አንድ ባለ ስምንት ሲያደርጉ ዙሪያው ሳይገጥም ሲቀር "ቲቸር ተረፈኝ" ይላሉ፣ ማካፈልን ለማስተማር ከዚህ የተሻለ ሰዓት የለም። እዚህ ስራ ላይ ሁሉም ልጅ እኩል ነው፣ ማንም "እኔ ለብቻዬ" አይልም።

ጠመንጃ የሚስለው ልጅ። ባለፉት ዓመታት ያካባቢያችን ልጅ ምን እንዳየ፣ ምን እንደሰማ እኔም አንቺም እናውቃለን። ወረቀቱን አትቅደጂበት፣ "ሌላ ነገር ሳል" ብለሽም አታሸማቅቂው፣ ክፍል ፊትም አታስነሺው። ብዙ ወንድ ልጅ ጠመንጃ የሚስለው እንዲሁ ጨዋታ ሆኖበት ነው። አጠገቡ ቁጭ ብለሽ "ስለሱ ንገረኝ እስኪ" በይው፣ ከነገረሽ ስሚ፣ ካልነገረሽ እለፊው። እንደ መርማሪ መጠየቅ የለም። ግን ያው ስዕል ሳይቀየር ከመጣ፣ ልጁም ከሌሎች ከተገለለ፣ ከደነገጠ፣ ክፍል ውስጥ እንቅልፍ ከጣለው ቤተሰቡን አነጋግሪ፣ ጤና ጣቢያ የሚያናግሩት ሰው ካለ አገናኚያቸው። አንቺ የስዕል መምህርት ነሽ፣ ሐኪም አይደለሽም፣ ስዕል ብቻ አይተሽ እንዲህ ሆኗል ብለሽ ለማንም አታውሪ።

ሲስሉ እየዞርሽ ምን ትያለሽ? "ምንድነው ይሄ?" አትበይ፣ በሬ መስሎት የሳለው ልጅ በሬ አልመሰለም ማለት ነው ብሎ ይሰማዋል። "ጎበዝ፣ ያምራል" ብቻም አይበቃም፣ ለሁሉም ጎበዝ ካልሽ ማንም አይሰማሽም። ያየሽውን ተናገሪ፦ "እዚህ ጋ ከሰሉን ጠበቅ አድርገሽ ጭረሻል፣ እዚህ ቀለል አድርገሻል"፣ "ዝናቡን በሰያፍ ነው ያወረድከው፣ ነፋስ ነበር እንዴ?"። ልጁ እንዳየሽለት ያውቃል፣ ወሬውም ይቀጥላል።

ማርኩ ላይ እንምጣ። ተከታታይ ምዘና ስለሆነ ቁጥር ማስገባትሽ አይቀርም፣ ግን በውበት አታርሚ፣ ከ10 ሰባት ያገኘ በሬ ምን ማለት ነው? እኔ ለተማሪዎቼ የምሰጣቸው ይሄን ነው፦ ልጁ ስራውን ጀምሮ ጨርሷል ወይ፣ ከጓደኛው ሳይገለብጥ የራሱን ነገር አስገብቷል ወይ፣ ስለ ስዕሉ ሁለት ሶስት ዓረፍተ ነገር መናገር ይችላል ወይ፣ እቃውን በአግባቡ ይዞ መልሷል ወይ። ይሄን በአንድ ክፍለ ጊዜ ለ70 ልጅ ማየት አትችይም፣ በየሳምንቱ አስራ ምናምኑን ብቻ እየለየሽ ምልክት አድርጊ፣ በወር ከምናምን ሁሉም ይዳረሳል። ከያንዳንዱ ልጅ አንድ የመስከረም ስዕልና አንድ የጥር ስዕል ስሙን ጽፈሽ አስቀምጪ። ርዕሰ መምህሩ ወይ ሱፐርቫይዘር "ምን ተማሩ" ሲልሽ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጪለት፣ ማብራሪያ አያስፈልግሽም። ወላጅ ቀን ላይም እነሱኑ ለጥፊ፣ የሁሉንም ልጅ እንጂ የጎበዞቹን ብቻ አይደለም።

ለሚመጣው ሳምንት ቀለሙንም ጭቃውንም ባንዴ አትጀምሪው፣ ከሰልና ካርቶን ብቻ ይዘሽ "በጭጋግ ስመጣ" የሚለውን ሞክሪ። ጭቃው በሚቀጥለው ነው፣ ያኔ እየተሰነጠቀ ካስቸገረሽ አፈሩን ከየት እንዳመጣሽና ጭድ ምን ያህል እንደጨመርሽ ጻፊልኝ፣ አይቼ እነግርሻለሁ ኢንሻአላህ።